የታፈነችው ሞተር ሳይክልሽ

ጎንደር፣ ኅዳር ፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.
ዕድሜዬ ዛሬ ሰባ ስምንት ዓመት ከአምስት ወር ነው።

ለየሺመቤት፣ ለቤቴ እመቤት፤

ከተለየሽኝ አሥራ አንድ ወር ከስድስት ቀን ሆነ። ሰላምታ ላቅርብልሽ ብል ፊት የለኝም፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

ቤቱ እንደተውሽው አይደለም። ነጭ ጋውንሽን ልጃችን ትዕግሥት ወሰደችው፤ የጓሮው ጌሾ ደረቀ፤ እኔም መጽሐፍ እገልጣለሁ እንጂ አላነብም። ለነርስነት ሥራሽ ገጠር ለገጠር የዞርሽባት አሮጌ ሞተር ሳይክል ግን አለች። ለሙት ዓመትሽ ትዕግሥት ስትመጣ እየሠራች ላስረክባት ብዬ ባለፈው ሳምንት ከዕቃ ቤት አወጣኋት።

ከዛሪማ ቆላ ወደ ደባርቅ ስንወጣ ዳገቱ መካከል ትቆሚ ነበር። ካቻቢቴውን ከቦርሳሽ አውጥተሽ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን የካርቡራተሩን ብሎን በጥቂቱ ታዞሪያለሽ፤ ጆሮሽን ሰጥተሽ የሞተሩን ድምፅ ታዳምጫለሽ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑም መቀነስ አለበት ትይኝ ነበር። እኔ ከኋላሽ ተከናንቤ ግጥም ሳሰላስል አልሰማሁሽም። ቅኔ የቆጠረ ሰው ብሎን ማዞር ይማር? ብዬ ንቄ ነበር።

ስለዚህ ልሞክራት ብዬ እየነዳኋት ከአዘዞ ወደ ከተማው ስወጣ እያሳለች፣ ጥቁር ጭስ እየተፋች ስትጠፋብኝ የራባት መሰለኝ። ያን ብሎን በግምት አዙሬ ቤንዚን ጨመርኩላት፤ ባሰባት። ደግሞ ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን ከነአካቴው አልነሣ አለች፤ በጋሪ አስጭኜ መካኒኩ ታከለ ዘንድ አደረስኋት።

ታከለ ካንዴላውን ፈታ፤ ጥላሸት ለብሷል። የአየር ማስገቢያውን ሲከፍት ግማሽ አፉን የደፈነ ጨርቅ ጎልጉሎ አወጣ። የወተፍኩት እኔ ነበርኩ፤ በቀብርሽ ማግሥት፣ አቧራ እንዳይገባባት ብዬ። ረስቼው ኖሯል።

ታከለ በሳቅ ተንከተከተ። «አያ መምህር፣ ይቺ ጠገበች እንጂ መች ራባት! ትንፋሽ ከልክለው ያጎርሷታል? ምነው፣ ብርድ እንዳይመታት ነው?»

በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ ጨርቁን ተቀብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

የሺዬ፣ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ክፈትልኝ አልሽኝ። ብርድ ይመታሻል ብዬ እንቢ አልኩሽ። ሦስት ጊዜ ለመንሽኝ። ስንቱን ሕመምተኛ ያስታመምሽ ሰው ሳንባሽ የሚሻውን ታውቂ ነበር፤ እኔ ግን ዝም በይ ብዬ የመስኮቱን ስንጥቅ ሳይቀር በጨርቅ ደፈንኩ፤ አጥሚት ላጎርስሽም ታገልኩ። ፊትሽን ከማንኪያው አዞርሽ። ወደኔ አልመለስሽውም።

መስኮቱ ቢከፈት ትድኚ ነበር አልልም፤ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጠንም። የለመንሽውን ግን ሳታገኚ ሄድሽ። ትዕግሥት ከደባርቅ ደርሳ፣ እማዬ ምን አለች፣ ምን ጠየቀች ብትለኝ፣ ምንም፣ በሰላም አረፈች አልኳት። ይህንኑ ይዛ ስትጽናና ከረመች። ዕድሜዬን ሙሉ ቃል ሳስተምር ኖሬ የመጨረሻ ቃልሽን ከልጅሽ ሰረቅሁ።

ሙታንን ማሰብ ሸጋ ሸጋውን መምረጥ ይመስለኝ ነበር። ከእንግዲህ በየዕለቱ የማስበው ያን ልመናሽን ነው፤ አሳምሬም አልጽፈውም።

ሞተር ሳይክልሽ ተነሥታለች። ትዕግሥት ትውሰዳት፤ እኔን ይቅር ማለትና አለማለት የራሷ ፈንታ ነው። ይህን ደብዳቤ አሽጌ፣ በፖስታው ላይ የሷን ስም ጽፌ፣ ዛሬውኑ ወደ ደባርቅ እልከዋለሁ።

ባለቤትሽ