የይማም ሰደቃና ያዘመመው ሚናራ

ይማሜ፣

አዛን ትልበት የነበረው ሚናራ በሩ ማክሰኞ ዕለት ተቆለፈ። ከሥሩ ያለው፣ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት የውዱእ ቧንቧም ተዘጋ።

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። አሁን የምኖረው ሐይቅ፣ ከልጃችን ከዘሃራ ጋር ነው። ወሬውን ስሰማ ትናንት ረቡዕ ጠዋት ሁለታችን በሚኒባስ እስከ ውጫሌ፣ ከዚያ በባጃጅ ወደ መንደራችን ሄድን። ቁልፉን የያዘው ጎረቤታችን ሐጂ እንድሪስ ነው። «ሚናራው ሩኩዕ ላይ ነው፣ አጎንብሶ እየሰገደ፤ ሲጨርስ ይቀናል» እያለ ያስቅህ የነበረው ሰው አልቀለደም። ከፈተልንና ቶሎ እንድንወጣ ነገረን።

መስከረም በገባ ቁጥር፣ ማዘመሙ ጨምሮ እንደሆነ ለማየት አንተ ደረጃውን ወጥተህ ከላይ ካለው የወይራ አግዳሚ ላይ የግንበኛውን ቱምቢ በክር ትለቀው ነበር። እኔ ከታች ቁጭ ብዬ መወዛወዙን እስኪተው እጠብቃለሁ፤ ጫፉ በቆመበት ላይ የወለሉን ድንጋይ በምስማር እጭራለሁ። አንዳንዴ ሳይቆም «ቆሟል» እልሃለሁ። አንተም ከላይ ሆነህ «አንቺ ሴት፣ ወጥ ጥደሽ ነው የመጣሽው?» ትላለህ።

ጭረቶቹ አሉ። አሥራ ሦስቱም እርስ በርስ የተደራረቡ ናቸው፤ አንድ ጣት ይሸፍናቸዋል። ዘሃራ ወጥታ ክሩን ለቀቀችልኝ። ቱምቢው ከጭረቶቹ ሦስት ጣት ርቆ፣ በቧንቧው በኩል ቆመ። እንደገና አስለቀቅኳት። ያው ነው።

ቧንቧውን አታውቀውም። ልጃችን ሰዒድ ከሪያድ ሆኖ ለአንተ ሰደቃ ብሎ ያሠራው ነው። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሚናራው ባዘመመበት በኩል ጥላ ስላለ ሽማግሌዎቹን ፀሐይ አይመታቸውም ብዬ ነበር። ሰው ውዱእ ባደረገ ቁጥር አጅሩ፣ ምንዳው፣ ይደርስሃል ብለን ተደሰትን። የፈሰሰው ውሃ የት እንደሚገባ ማናችንም አልጠየቅንም። አንተ ብትኖር ትጠይቅ ነበር።

የመስጂዱ ሽማግሌዎች ለሁለት ተከፍለዋል። ገሚሶቹ ድሮም ሲወድቅ የኖረ ነው፣ ይፍረስና በብሎኬት ይሠራ ይላሉ። ሌሎቹ ቧንቧው ይነሳና መሠረቱ ይደገፍ ይላሉ። በአንተ ዘመን ንቅንቅ እንዳላለ የሚመሰክረው የእኛ ጭረት ብቻ ነው። እሱን ሳሳይ ደግሞ ያንቀሳቀሰው የአንተ ሰደቃ መሆኑን አብሬ ማሳየቴ ነው።

ማታ ለሰዒድ ደውዬ ነገርኩት።  «እምዬ፣ አብዬ ቢኖር የቱን ይመርጥ ነበር?» አለኝ። ቱምቢውን እንጂ ያንተን ልብ መለካት እንደማልችል ነገርኩት።

ሐጂ እንድሪስ መጥቼ ጭረቶቹን እንዳሳያቸው ጠይቆኛል። እሄዳለሁ። ቦታውን የመረጥኩት እኔ መሆኔንም ሌላ ሰው ሳይናገረው ራሴ እናገራለሁ። ቢያቆሙትም ቢያፈርሱትም ድምፅህ ከጆሮዬ አይጠፋም፤ በየሶላቱ ዱዓ ሳደርግልህ እኖራለሁ።

የሚወስኑት ነገ ከጁምዓ በኋላ ነው።

ባለቤትህ ፋጡማ