በየማለዳው ይደውሉ የነበሩት ወይዘሮ አትራክታ ጌራቲ

ወይዘሮ አትራክታ ጌራቲ ከአባታቸው ከአቶ ሉክ ፊኒ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብራይዲ ሃንሊ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1947 በአየርላንድ፣ በሮስኮሞን፣ ክሎንበግ መንደር ተወለዱ። በዚያ ሰሞን የጣለው በረዶ አጥሩን ሁሉ ስለዋጠው አዋላጇ የመጣችው በአጥር አናት ላይ እየተራመደች ነው ይባላል። ከሳቸው በኋላ አራት ወንድሞች ስለተከታተሉ፣ ወይዘሮ አትራክታ ማዘዝን የተማሩት ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሁለት ክፍል ብቻ ባላት የመንደሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ዐሥራ አራት ዓመታቸው ተምረዋል። መምህራቸው "ይቺ ልጅ ጠበቃ መሆን ነበረባት" ይሉ ነበር፤ በክርክር የሚረታቸው ሌላ ተማሪ አልነበረማ። ከ1963 ጀምሮ ለዐሥር ዓመት በጎልዌይ ከተማ በአንድ የልብስ መደብር በሻጭነት ሠርተዋል። በ1974 ከገበሬው ከአቶ ጃርላዝ ጌራቲ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ልጆቻቸውን ኤንዳንና ሶርካን ወልደዋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሥራቸው ከብት ማርባት ነበር። የመንደሩ ላም ምጥ ሲጠናባት ከእንስሳት ሐኪሙ በፊት የሚጠሩት ወይዘሮ አትራክታ ነበሩ።

ደግ ሴት ነበሩ፤ ምላሳቸው ግን ስለት ነበረው። ይህን ደብቀን ብናልፈው ራሳቸው ከሬሳ ሳጥኑ ብድግ ብለው "ውሸታም ሁሉ!" ይሉናል። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው እንናገራለን።

በ2001 የአፍና እግር በሽታ አገሩን ሁሉ ባስጨነቀበት የጸደይ ወቅት፣ ከብትን ከማሳ ወደ ማሳ ማዛወር ክልክል ነበር፤ በሽታው የተገኘበት መንጋም ተገድሎ ይቃጠል ነበር። አንድ ቀን ሦስት የጌራቲ ጊደሮች አጥር ጥሰው የጎረቤታቸው የአቶ ማላኪ ታንሲ ማሳ ውስጥ ገቡ። አቶ ማላኪ ለተቆጣጣሪዎች ደወሉ። የጌራቲ መንጋም ለዐሥር ሳምንት ከበረት እንዳይወጣ ታገደ። አንድም ከብት አልታመመም። ይሁንና በቀጣዩ እሑድ፣ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ሲጨዋወት፣ ወይዘሮ አትራክታ አቶ ማላኪ ፊት ቆመው "ጠቋሚ!" አሏቸው። እኛ ዘንድ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። አቶ ማላኪ ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ፤ በማግስቱ ግን ሁለቱ ቤተሰቦች በጋራ ይሄዱበት የነበረውን የረግረጉን መንገድ በር በሰንሰለት ቆለፉት።

ከዚያ ወዲያ ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቃል አልተለዋወጡም። በ2009 አቶ ጃርላዝ ሲያርፉ አቶ ማላኪ ከመቃብሩ ግንብ ውጪ ዝናብ እየመታቸው ቆመው ነበር። ወይዘሮ አትራክታ አዩዋቸው፤ እንዳላዩ ሆነው አለፉ።

በማርች 2020 መጨረሻ፣ የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ፣ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ከደጁ እንዳይወጣ ታዘዘ። የከብት ገበያው ተዘጋ፤ ቤተ ክርስቲያኑም መጠጥ ቤቱም ተዘጉ። ወይዘሮ አትራክታ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩ ዐሥራ ሁለት አዛውንት ገበሬዎችን ስም በቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ ጻፉና፣ በየማለዳው ከብቶቻቸውን መግበው እንደተመለሱ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ አንድ በአንድ ይደውሉላቸው ጀመር። የሚያወሩት ስለ ሣር፣ ስለ ዝናብና ስለ ጥጃ ነበር። "ደኅና ነህ ወይ?" ብለው አይጠይቁም፤ "እንደዚያ ካልኩት ይዋሸኛል" ይሉ ነበር። ሰውየው ስለ ሣሩ ማማረር ካቆመ ግን ደኅና እንዳልሆነ ያውቃሉ።

"ጸጉሬ ትከሻዬ ደረሰ፤ ውሻዬ እንኳን ይጮህብኛል" አሏቸው አንድ ቀን አቶ በርቲ የሚባሉት።

"ጸጉርህ አይደለም በርቲ፤ ብትታጠብ ነው ያላወቀህ።"

"ጊደርህን በስልክ መስኮት አሳይተህ ሽጣት ይሉኛል ደግሞ። ጥርሷን በመስኮት ማን ሊያይልኝ ነው?"

"ያንተን ጥርስ ካላዩት ይገዙሃል፤ አይዞህ።"

ዐሥራ ሁለተኛው ስም የአቶ ማላኪ ታንሲ ነበር። ልጃቸው ሶርካ ከኮርክ ከተማ ደውላ ይህን ስትሰማ አላመነችም።

"እማዬ፣ እሱንም?"

"እሱንም። ሞቶ ቢገኝ 'የቅርብ ጎረቤቱ ማን ናት?' ነው የሚሉት። እኔ ነኝ።"

የመጀመሪያው ቀን ንግግር ይህ ነበር።

"ማነው?"

"አትራክታ ነኝ።"

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም። ዛሬ ይዘንባል አሉ።"

"ይዝነብ።" ስልኩ ተዘጋ።

ወይዘሮ አትራክታ ከአቶ ማላኪ ስም ጎን "አለ" ብለው ጻፉ። በሁለተኛው ሳምንት አቶ ማላኪ "ይዝነብ" በሚለው ላይ "ደርቋል መሬቱ" የሚል ጨመሩ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ "ያቺ ነጭ ግንባሯ ላምሽ ወለደች?" ሲሉ ራሳቸው ጠየቁ።

"በምን አወቅህ?"

"ዐይን የለኝም እንዴ?"

ወይዘሮ አትራክታ ያን ቀን ደስ ብሏቸው ዋሉ፤ ለሶርካ ግን አልነገሯትም።

ኤፕሪል 22 ቀን፣ ረቡዕ፣ ነገሩ ተበላሸ። ስለ ደረቁ ጸደይ ሲያወሩ አቶ ማላኪ "ጃርላዝ ቢኖር ይሄን የመሰለ ጸደይ ይወደው ነበር" አሉ። የወይዘሮ አትራክታ ደም ፈላ።

"የጃርላዝን ስም አንተ እንዳታነሣ!" ብለው ጆሯቸው ላይ ዘጉባቸው። ቀኑን ሙሉ እህል አልወርድ አላቸው።

በማግስቱ ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ደወሉ። ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሣ የለም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደገሙት። ከዐሥር ደቂቃ በኋላም እንዲሁ። ተቀይሞ ይሆን? ኩርፊያ ከሆነ ደጁ ድረስ ሄዶ መቆም ለሳቸው ሞት ነበር። ካልሆነስ? ወደ ሶርካ ደወሉ፤ የትናንቱንም ነገሯት።

"አኩርፎ ነው እማዬ። ትናንት ምን እንዳልሽው አታውቂም?"

"ይሄ ሰው ሲያኮርፍ ስልክ አንሥቶ ነው የሚያኮርፈው።"

"እሺ፣ ሰው ልፈልግልሽ። አንቺ ግን እንዳትሄጂ! ከደጅ አትውጪ ተብለሻል፤ በሽታው ይዞት ቢሆንስ?"

"እሺ ልጄ" አሉና ካፖርታቸውን ደረቡ።

ወደ አቶ ማላኪ ቤት በሚወስደው የረግረጉ መንገድ በር ላይ ሰንሰለቱ እንደተቆለፈ ነበር። የግራ ዳሌያቸው በቀዶ ሕክምና የተቀየረ ስለሆነ አንድ እግራቸውን እንደምንም ካሻገሩ በኋላ በበሩ አናት ላይ በሆዳቸው ተንጠልጥለው ቀሩ። ወደ ኋላም ወደ ፊትም የለም። የአቶ ማላኪ ውሻ ከበረቱ በኩል ሳያቋርጥ ይጮሃል። ዐይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ጣሉ፤ ጭቃው ውስጥ በጉልበታቸው ወደቁ። ተነሡ።

አቶ ማላኪ በበረቱ ጥግ፣ ከድርቆሽ መመገቢያው ብረት ሥር ተዘርግተዋል። ቀኝ እግራቸው መታጠፍ በማይገባው በኩል ታጥፏል። በሳቸውና በበሩ መካከል አራስ ላም ቆማለች። ራሷን ዝቅ አድርጋ ጭዱን በኮቴዋ ትጭራለች።

"አትራክታ፣ አትግቢ! ትገድልሻለች!"

"ዝም በል አንተ! ድምፅህ ነው የሚያስቆጣት።" ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉ።

"ገና ሳይነጋ።" ቃሉ ከአፋቸው የወጣው በጭንቅ ነበር። "ደረቴን ነው መጀመሪያ የመታችኝ።"

ወይዘሮ አትራክታ በእጅ ስልካቸው አምቡላንስ ጠሩ። ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል ተባሉ። ላሟ ግን አንድ ርምጃ ወደ አቶ ማላኪ ተጠጋች። አቶ ማላኪ ሃምሳ ደቂቃ አልነበራቸውም።

ጥጃዋ ገና ሰውነቷ አልደረቀም፤ በኋለኛው በር አጠገብ ተኝታለች። ወይዘሮ አትራክታ ከምስማር ላይ ገመድ አንሥተው በውጭ በኩል ዞሩ። በደጃፉ ድንጋይ ላይ በደረታቸው ተኝተው በበሩ የታችኛው ብረት ሥር እጃቸውን አስገቡና የጥጃዋን የፊት እግሮች ማሰር ጀመሩ። ላሟ አየች። ብረቱን በግንባሯ ስትመታው ትከሻቸው ላይ አረፈ። እጃቸው ደነዘዘ፤ ቋጠሮው ተፈታ። እንደገና አሰሩ። ላሟ እንደገና መታች። በሦስተኛው ቋጠሮው ጠበቀ።

የኋለኛውን በር መወርወሪያ ከፍተው ከማሳው የድንጋይ ካብ ኋላ እንዴት ሮጠው እንደደረሱ እስከ መጨረሻው አያስታውሱትም ነበር። ከካቡ ማዶ ሆነው ገመዱን ሳቡት። ጥጃዋ አንድ ስንዝር መጣች፤ ጮኸች። ላሟ ወደ አቶ ማላኪ ተመለከተች፤ ወደ ጥጃዋ ተመለከተች። ወይዘሮ አትራክታ እየሳቡ "ነይ፣ ልጅሽን ወሰድኩብሽ! ነይ!" ይሏት ነበር። ላሟም ወጣች። ካቡ ድረስ መጥታ ጥጃዋን ትልሳት ጀመር። ወይዘሮ አትራክታ በፊት ለፊት ዞረው በረቱ ውስጥ ገብተው የኋላውን በር እስኪዘጉት ድረስ በላሟና በሳቸው መካከል ሃያ ርምጃ ክፍት መሬት ብቻ ነበር።

ከዚያ ጭዱ ላይ አቶ ማላኪ አጠገብ ቁጭ አሉ። ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሷቸው።

"ራቅ በይ እንጂ፤ ሁለት ሜትር ነው የተባለው" አሉ አቶ ማላኪ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ።

"ሕግ አክባሪነትህ ዛሬም አለቀቀህም?"

የአቶ ማላኪ ዐይን ይከደን ጀመር።

"እንዳትተኛ! አውራኝ።"

"ምን ላውራ?"

"የፈለግከውን።"

አቶ ማላኪ ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ቆዩ። "ያኔ የደወልኩት ፈርቼ ነው። በሽታው ከገባ ላሞቼን ያቃጥሉብኛል ብዬ። ከነሱ በቀር ማን ነበረኝ?"

"አውቃለሁ" አሉ ወይዘሮ አትራክታ። "ጃርላዝም ያውቅ ነበር። 'እኔም ብሆን እደውል ነበር' ብሎኛል፣ ያኔውኑ፣ የዚያን እሑድ ማታ። ቤቱ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂው ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት።"

አቶ ማላኪ ዐይናቸውን ገልጠው አዩዋቸው። "ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት?"

"ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት። በድዬሃለሁ፣ ማላኪ።"

"ክፉ ሴት ነሽ።"

"ነኝ። አትተኛ።"

የአቶ ማላኪን እጅ እንደያዙ አምቡላንሱ ደረሰ። ነጭ ልብስ የለበሱት ባለሙያዎች "እናትየው፣ እርስዎ ከሱ ምን ያህል ቀርበው ነበር?" ሲሏቸው እጃቸውን አልለቀቁም ነበር።

ሶርካ በስልክ አለቀሰች፤ ተቆጣች፤ ደግማ አለቀሰች። ወይዘሮ አትራክታ ዐሥራ አራት ቀን ከሰው ተለይተው ተቀመጡ፤ ትኩሳታቸውን በቀን ሦስት ጊዜ ይለኩ፣ ባሳላቸው ቁጥር ወንበር ይዘው ይቀመጡ ነበር። ከሆስፒታል የአቶ ማላኪ የኮሮና ምርመራ ውጤት እስኪመጣ አራት ቀን ፈጀ። ነጻ ነበሩ። አምስት የጎድን አጥንትና እግራቸው ተሰብሮ ለዐሥራ አንድ ሳምንት ሲታከሙ፣ ከብቶቻቸውን የመገቡት ወይዘሮ አትራክታ ናቸው፤ ያችን ላም ጨምሮ። አቶ ማላኪ በጁላይ በክራንች ተመልሰው መጀመሪያ ያደረጉት በሩን ከነሰንሰለቱ ማስነቀል ነበር።

ወይዘሮ አትራክታ በኖቬምበር 2023 በጣፊያቸው ላይ ካንሰር እንዳለ ተነገራቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በራሳቸው ምርጫ ወደ ቤታቸው ተመልሰው፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2024 ጠዋት በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ልጆቻቸው ባሉበት ዐርፈዋል። ከአውስትራሊያ፣ ከፐርዝ የመጡት ልጃቸው ኤንዳ፣ ልጃቸው ሶርካ፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ሁለት ወንድሞቻቸው፣ እንዲሁም ጎረቤታቸው አቶ ማላኪ ታንሲ በሕይወት አሉ።

ባለፈው ሳምንት፣ ከማረፋቸው በፊት፣ ሳጥናቸውን የሚሸከሙትን ስድስት ሰዎች ራሳቸው መርጠው ለሶርካ አጽፈዋታል። ከፊት በስተቀኝ ማላኪ ታንሲ ይሁን አሉ።

"እማዬ፣ እሱ ሰማንያ ዓመቱ ነው። በከዘራ ነው እኮ የሚሄደው። ስድስቱም በሱ ርምጃ ሊሄዱ ነው?"

"ታዲያ እኔን ምን ያስቸኩለኛል?" አሉ።

ስለዚህ ወደ መቃብሩ ቀስ ብለን እንሄዳለን። መንገዱን አምላክ ያቅናላቸው፤ ነፍሳቸውንም ጃርላዝ ካለበት ያድርስልን፤ አሜን።