በቁርጥራጭ ብረት ስም ስለተሸጠው የሚሠራ ቶርኖ

ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዞኑ አቤቱታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
መቱ

ጉዳዩ፦ በታሸገ ወርክሾፕ ውስጥ የቀረብኝን የምሳ ዕቃ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ሽበሺ አምባዬ በሶር ዳር የእጅ ሙያ ማሠልጠኛ የቶርኖ፣ ማለትም የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ዓርብ የማሠልጠኛው ንብረት ክፍል ወርክሾፑን ሲያሽግ የምሳ ዕቃዬ ከነሽሮው ውስጥ ቀርቷል። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ስለሆነ ሽሮውም የራሱን አቤቱታ ሳይጽፍ አይቀርም። በኦሮምኛ መቀለድ እንጂ መክሰስ ስለማይሆንልኝ በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ።

እዚህ ድረስ ካነበቡልኝ እውነተኛውን ጉዳይ ላቅርብ። በሽሮ የጀመርኩት፣ ስለ ሽሮ የተጻፈ ደብዳቤ ማንም መንገድ ላይ አያስቀረውም ብዬ ነው። ስለ ማሽኑ የጻፍኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች የገቡበት አልታወቀም።

1. በኮምፒውተር የሚታዘዘው (ሲኤንሲ) ቶርኖአችን መቆጣጠሪያው ከተቃጠለ ስምንት ዓመት ሆኖታል። መለዋወጫው መመረት አቁሟል ተባልን። ብረቱ ግን ጤነኛ ነበር። ሙያዬን የተማርኩት ማሽን ሥር ተኝቼ እንጂ ክፍል ተቀምጬ አይደለም። ቢሆንም ከአሠልጣኝ ዳናዊት ጋር የተቃጠለውን የመቆጣጠሪያ ሣጥን አውጥተን አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር አገናኘን፤ ማንም በነጻ ወስዶ፣ ውስጡን ከፍቶ የሚያስተካክለውን የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጫንንበት። ሚያዝያ 7 ቀን ቶርኖው ተነሣ። በማግስቱ ለማሠልጠኛው በጽሑፍ አሳወቅሁ።

2. ሚያዝያ 14 ቀን «የማይሠራ ቶርኖ፣ በቁርጥራጭ ብረት» የሚል የጨረታ ማስታወቂያ ወጣ። የተለጠፈው በግምጃ ቤቱ በር ጀርባ ሲሆን የሚታየው በሩን ከውስጥ ለሚዘጋ ሰው ብቻ ነው። ስምንት ዓመት ሞቶ ሲተኛ ማንም ያላስታወሰው ማሽን በተነሣ በሳምንቱ ቀብሩ መታሰቡ አስጠርጥሮኛል። ተጫራቹ አንድ ብቻ፣ አቶ ጎንፋ የተባሉ ነጋዴ ናቸው።

3. የንብረት ኃላፊውን አቶ ዲበኩሉን ጠየቅኋቸው። የንብረት ቁጥሩ የተለጠፈው ባወጣነው ሣጥን ላይ ስለሆነ፣ ወርክሾፕ ያለው ብረት መዝገብ ላይ የለም አሉኝ። እንግዲያው የተሸጠው ሣጥኑ ነው፣ እሱን ይውሰዱ አልኩ። የለም፣ የተሸጠው ብረቱ ነው አሉ። መዝገብ ላይ የሌለ ዕቃ እንዴት እንደሚሸጥ እስካሁን አልገባኝም።

4. የዳሪሙ ወረዳ ነዋሪ የወ/ሮ ዘርፈሽ የወፍጮ ዘንግ ግማሹ ተሠርቶ፣ ማሽኑ እንደነከሰው ታሽጎባቸዋል። ወፍጮአቸው ቆሞ የሠፈሩ ሰው እህሉን ተሸክሞ በእግሩ ሩቅ ይሄዳል። ቶርኖው ከተወሰደ እንዲህ ያለ ዘንግ የምናሠራው ጅማ ወርደን ነው።

ስለዚህ ሰኞ ግንቦት 19 ቀን ለገዢው ሊደረግ የታሰበው ርክክብ እንዲታገድ፣ እሽጉም ተከፍቶ ማሽኑ ሲሠራ ባለሙያ እንዲያየው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ይህን ጽፌ ልፈርም ስል የቤቴ በር ተንኳኳ። ግቢዬን ረግጠው የማያውቁት አቶ ጎንፋ ናቸው። ሰላም ከተባባልን በኋላ በትሕትና «ጋሼ፣ የቶርኖውን ኮምፒውተር የይለፍ ቃል ፈልጌ ነበር» አሉኝ። ዕድሜዬ ገፍቶ ስለምረሳ ጥያቄዎን በጽሑፍ ያድርጉልኝ ብዬ ወንበርና እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። ጽፈው፣ ስማቸውንና ስልካቸውን ጨምረው ፈረሙ። ቁርጥራጭ ብረት የገዛ ሰው የይለፍ ቃል ለምን እንደሚፈልግ ጽሕፈት ቤትዎ ይጠይቅልኝ። ፕሮግራሙ የይለፍ ቃል እንደሌለው እኔ ገና አልነገርኳቸውም፤ ሻይ እየጠጡ ነው።

ውሳኔዎን ከሚጠባበቅ ሰው ሰላምታ ጋር

ሽበሺ አምባዬ
(ፊርማ)

አባሪ፦ በአቶ ጎንፋ እጅ የተጻፈ አንድ ገጽ