ለሰባተኛው ወር የተሣለ ጨርቅ

ላሴም፣ ኦገስት 9 ቀን 2016

የሆዴ ልጅ፣ የኔ ዊጂ፤

እንዴት ነሽልኝ? ጽንሱስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ አንቺን መዋሸት ግን ሰለቸኝ። ኪኒኑን ካቆምኩ አርባ ቀን ሊሞላኝ ነው። በስልክ «እማ፣ ዋጥሽ?» ስትይኝ «ዋጥኩ» ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነበር። ይቅር በይኝ።

ሰባተኛ ወርሽ እየገባ ነው። የነፍሰ ጡር ወግ በሚደረግልሽ ቀን የምትታጠቂውን ጨርቅ እኔ ካልሣልኩልሽ ማን ይሥላል? ለእኔ እናቴ ናት የሣለችልኝ፣ ለእሷም እናቷ። ገና ኪኒኑን እየዋጥኩ ሳለሁ ሰሙን አቅልጬ የሰም መሣያ ብዕሬን አነሳሁ። እጄ ግን ኪኒኑ ባመጣው መንቀጥቀጥ አልታዘዝ አለኝ፤ ሰሙ ባልታሰበ ቦታ ይንጠባጠባል፣ የነካው ሁሉ ደግሞ ቀለም አይዝም። ነጋዴዋ ሱቲናህ መጥታ አየችና፣ «ራስሚኒ፣ ይቺ ወፍ ናት ወይስ ዝናብ የመታት ዶሮ?» አለችኝ። አብረን ሳቅን። ስትሄድ ማልቀስ አማረኝ፤ እንባ ግን የለኝም። ኪኒኑ እሱንም ወስዶብኛል። አባትሽን ስንቀብር ምሰሶ መስዬ ስቆም፣ ሰው «ምን ዓይነቷ ጨካኝ ናት» ብሎ አማኝ።

ኪኒኑን ለምትሰጠኝ ነርስ ነገርኳት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ «እማማ፣ ድምፅ ይሰማዎታል?» አለችኝ።

«አይ፣ አይሰማኝም። እጄ ነው እንጂ...»

«እንግዲያማ ኪኒኑ ሠርቷል! ይቀጥሉ» ብላ ቀጣዩን ጠራች።

እኔም ተውኩት። በሦስተኛው ሳምንት እጄ ረጋ። ዊጂ፣ ወፎቹን ብታዪያቸው! ላባቸውን አንድ በአንድ ነው የሣልኩት። አባትሽንም ከአራት ዓመት በኋላ፣ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ እስኪወጣልኝ አለቀስኩለት።

ከትናንት ወዲያ ከውኃ ጉድጓዱ በኩል አንድ ሰው ስሜን ጠራኝ። ዞር ብል ማንም የለም። ዝም አልኩ። ትናንትም ጠራኝ፤ ዝም አልኩ። ዛሬ ጠዋት «አቤት» አልኩት።

ጨርቁ አልቋል፣ አሁን ወደ ኪኒኑ ተመለሺ ትይኛለሽ። እሽጉን አውጥቼ ነበር። አርባ ቀን ሰው ሆኜ ከርሜ እንዴት አድርጌ ልዋጠው? መልሼ አስቀመጥኩት።

የሚመጣውን አላጣሁትም። አጎትሽ ካርሶ ከወዲሁ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ዓይንሽ አላማረኝም» ብሎኛል። ልጅ ሳለሽ፣ ያኔ ስታመም፣ እግሬን በተበሳ ግንድ ቆልፈው ስምንት ወር ጓሮ ሲያስቀምጡኝ ሩዝ ታቀብይኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ያ ግንድ ዛሬም አለ፤ ዝናብ እንዳያበሰብሰው ካርሶ ወደ ቤት ሲያስገባው አየሁት። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሌላ መላ ስለማያውቅ ነው።

አላህ በሰላም ያገላግልሽ። የምትወልጂው ልጅ እጁ እንደኔ ይባረክ፣ ጭንቅላቱ ግን እኔን አይምሰል። ካርሶ ደውሎ ፈቃድሽን ሲጠይቅሽ እሺ በይው፣ በእኔ የተነሳ አትጣዪው። አንድ ነገር ብቻ አደራ በይልኝ፦ እግሬን ይሰር፣ እጄን ግን ይተውልኝ።

እናትሽ ራስሚኒ