ከእናቷ ቤት የመጣው እንሰት

መጋቢት 2

አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ ገዛሁ። ሁለት ቆሮሶ። ባለቤቴ ብዙ ብትኖር "ዐይኑን አይተኸዋል?" ትለኝ ነበር። አላየሁም። ሳላይ የምገዛ ሰው ነኝ… ብዙአየሁ ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። አሁንም ዓሣ ስይዝ ቶሎ ቶሎ እራመዳለሁ። የሚጠብቀኝ ሰው ያለ ይመስል።

ሀሴት ከሥራ መጥታ አብረን በላን። በአንድ እጇ እየበላች በሌላው ኮምፒውተሯን ትነካካለች። እናቷ ብታያት!

"ምንድነው እሱ?"

"እንሰት ነው አባዬ።"

ጠጋ ብዬ አየሁ። ጥቁር ነገር ላይ ነጭ ጽሑፍ ይወርዳል። ቅጠል የለ፣ ግንድ የለ።

"የቱ ጋ ነው እንሰቱ?"

ሳቀች። ሳቋ የእናቷ ነው። ሳህኑን አንስቼ ወጣሁ።

መጋቢት 5

ዛሬ በደንብ አስረዳችኝ። ባለፈው ኅዳር ለምርምር ብላ የእንሰት ቅጠል ስትቆርጥ ነበር። ከኛ ጓሮ፣ ከአጥር ማዶ ከሙንተሃ ጓሮ፣ ለኩ ካለችው የእናቷ እህት ከሙሉጌጥ፣ ከሌላም ብዙ ቦታ። ቅጠሉ ውጭ አገር ተልኮ ነበር። አሁን የተመለሰው ጽሑፍ ሆኖ ነው። እንሰቱ ውስጡ ተጽፎ ያለው ማለት ነው፣ ማንነቱ። ግን ተበጣጥሶ።

"አንድ መጽሐፍ ቅዱስ በመቀስ ተከታትፎ በጆንያ ቢሰጥህ…"

"ማነው የሚከታትፈው?"

"ምሳሌ ነው አባዬ!"

"ሌላ ምሳሌ አምጪ።"

ሌላ አላመጣችም። ለማንኛውም ገብቶኛል። ኮምፒውተሯ ላይ ያለው ፕሮግራም ቁርጥራጩን ለቅሞ ቦታ ቦታው ያስገባል። ከዚያ የአንዱን እንሰት ጽሑፍ ከሌላው ያስተያያል። ማን ከማን ይዛመዳል? የቱና የቱ አንድ ናቸው? እሱን ይለያል። ሰው ቁጭ ብሎ ልሥራው ቢል ዕድሜ አይበቃውም አለች።

ስንት ብር ገዛችሁት ስላት በነጻ ነው አለችኝ። የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ሆነው ጻፉት፤ የፈለገ ይውሰድ ብለው ተዉት። የወሰደውም የጎደለ ካገኘ አሻሽሎ ይመልሳል።

ምን ይገርማል? ሴቶቹ በእንሰት ችግኝ ስንት ዘመን እንዲሁ ሲያደርጉ አልኖሩም? ብዙ ከዚህ ጓሮ ስንቱን ሰጥታለች… ሰጥታ ደግሞ አታነሳውም።

መጋቢት 9

ትልቁ እንሰት መሃለኛው ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ጫፉ ተሰብሯል። በጋው ነው። ውኃ አጠጣሁት።

መጋቢት 10

ዛሬም ያው ነው።

የመጣችበት ቀን ትዝ አለኝ። ሌላ ሙሽራ ሻንጣ ይዛ ትመጣለች። የኔዋ ከለኩ ስትመጣ በጆንያ የተጠቀለለ የእንሰት ችግኝ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ነበር። ሚዜዎቹ ሊቀበሏት ቢሉ እንቢ አለች። "የእናቴ ነው፣ ራሴ እይዘዋለሁ።" የነጭ ቀሚሷ ፊት ጭቃ ሆኖ ገባች። ፎቶው ላይ አሁንም ይታያል።

በማግስቱ ተከለችው። ለምግብ ሲደርስ ከሥሩ ችግኝ አውጥታ ትተካለች። ያኛው ሲደርስ ደግሞ ሌላ። ሲፋቅ ሴቶቹ ተጠራርተው ይገባሉ፣ እኔ እወጣለሁ። በኛ ዘንድ ወንድ እንሰት ሲፋቅ አይቆምም። የኔ ድርሻ ቆጮው፣ ዋሳ የምንለው፣ ሲቀርብ መብላትና ለእንግዳ መንገር ነው። "ይሄ የአማቴ እንሰት ነው፣ ከለኩ የመጣ።" ስንቱ ሰው ሰምቶኛል!

መጋቢት 12

ሙንተሃ አጥሩ ጋ ጠራችኝ።

"ጋሽ ደምሴ፣ ያ ነገር አጠውልግ በሽታ ነው።"

"ውኃ ጥም ነው።"

"ውኃ የጠማው እንሰት ከመሃል አይጀምርም። ይንቀሉትና ጠልቆ ይቀበር። የኔን ሊበላብኝ ነው።"

ጓሮዋን አሳየችኝ። እውነት ለመናገር ያማረ ነው፣ በሰልፍ የቆመ። በያመቱ ለልጆቿ ቤት ሁሉ የሚሄደው ከዚያ ነው። ባሏ አብዱልሃሚድ ሱቅ ሊከፍት ሲወጣ ሰማን።

"ደምሴ፣ አየሃት? እኔ ብጠወልግ እንደዚህ አጥር ላይ ቆማ አትጮህም!"

"አንተ ድሮ ጠውልገሃል፣ ሂድ ሱቅህን ክፈት" አለችው።

ሳቅን። እሷ ግን ቶሎ ወደ እንሰቱ ዞረች። "እባክዎ" አለችኝ።

አያለሁ አልኳት። ምኑን ነው የማየው?

መጋቢት 13

ጸለይኩ። ለእንሰት መጸለይ ነውር ይሆን? ጌታ ሳቀብኝም አልሳቀብኝም፣ ጸለይኩ።

መጋቢት 15

ሀሴት ግንዱን በቢላ ጫር አድርጋ አየችው። ቢጫ ነገር አንጠፈጠፈ። ቢላውን ወዲያው እሳት ላይ ያዘችው። በሽታው በቢላ ይሻገራል አለች።

"አጠውልግ ነው አባዬ። ሙንተሃ ልክ ናት።"

የተጫረውን ቦታ በደረቅ ቅጠል ሸፈንኩት።

"አባዬ?"

"ከእናትሽ የቀረኝ እሱ ነው።"

"እኔስ?"

ልጅ ልጅ ነው። እንሰቱ ግን… ጉልበቷ ላይ ይዛው የመጣችው ነው። ጠዋት ወጥቼ ደህና አደርሽ የምለው ለሱ ነው። ይሄን ለልጅ አይነግሩም።

መጋቢት 16

አንድ ነገር መጣልኝ። ሙሉጌጥ ጓሮ ያለው የእናታቸው እንሰት ነው። የኛም ከዚያ የመጣ ነው። ችግኝ እንደ ልጅ አይደለም፣ ከራሱ ከሥሩ የሚወጣ ያው ራሱ ነው አላለችኝም ሀሴት? እንግዲህ ሁለቱ አንድ አካል ከሆኑ የኔን ብነቅል ምንም አልሞተም ማለት ነው። ለኩ ቆሟል።

ጠየቅኳት። ያ ፕሮግራም ይሄን ሊነግረኝ ይችላል? ይችላል አለች። የኛም የአክስቷም ውስጡ አለ። የሁሉም ሥራ አንድ ላይ ስለሆነ ጥቂት ቀን ይፈጃል።

"እስከዚያ አልነቅልም" አልኳት። "አንድ ናቸው ካለ በማግስቱ እነቅላለሁ።"

"አንድ አይደሉም ካለስ?"

ይሄን አላሰብኩም ነበር። እንዴት አንድ አይሆኑም?

መጋቢት 18

መብራት የለም። ሥራው ይቋረጣል ብዬ ደነገጥኩ። የሚሠራው ሀሴት መሥሪያ ቤት ያለው ትልቁ ኮምፒውተር ነው፣ ጄኔሬተር አለው አለችኝ። አሁን ግን ወረፋ ይዞ ነው። ኮምፒውተርም ወረፋ ይይዛል ለካ፣ እንደ ቧንቧ ውኃ።

መጋቢት 20

ሁለተኛው እንሰት ጀምሮታል። ከሙንተሃ አጥር የሚቀርበው።

ጠዋት አጥሩ ጋ አየኋት። ሰላም አላለችኝም። ሙንተሃ! ብዙ ስትታመም ሌሊቱን እግሯን ስታሽ ያደረች ሴት። ሐዘን ላይ ከራሴ እህት ይልቅ ያለቀሰች ሴት።

ምን ዓይነት ሰው እየሆንኩ ነው? የሞተችውን እወዳለሁ ብዬ በሕይወት ያለችውን እበድላለሁ? … ነገ ልንቀለው? አካፋውን አውጥቼ ነበር። መልሼ አስገባሁት።

መጋቢት 23

ሀሴት ፊቷ ልክ አልነበረም። ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች።

"አባዬ፣ የሆነ ነገር ተበላሽቶብኛል።"

ኮምፒውተሩ ላይ ዛፍ የሚመስል ሥዕል አለ፣ ወደ ጎን የተኛ። የሚዛመዱት በአንድ ቅርንጫፍ ይሰቀላሉ። የሙሉጌጥ ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ነው። የኛ የለበትም።

"የኛ የታለ?"

በጣቷ ወረደች። ወረደች። ታች ድረስ። የኛ ካንድ ሌላ ጋር ተለጥፎ ተቀምጧል። በሁለቱ መሃል ልዩነት የለም፣ አንድ አካል ናቸው አለች።

"ይሄኛው የማን ነው?"

"የሙንተሃ።"

ቅጠሉ የተቀያየረባት መስሏት ነው የደነገጠችው። መለያው ተሳስቶ ከሆነ የሌላውም ሁሉ ሥራዋ አይታመንም። አለቃዋ ምን ትላለች? ማልቀስ ቃጥቷት ነበር። ቁጭ አድርጌ ውኃ ሰጠኋት።

"አንዴ ነው የላክሽው?"

"ከሁሉም ሁለት ሁለት ቅጠል፣ በተለያየ ቀን።"

"ሁለተኛውስ ምን አለ?"

ሁለተኛውን ከፈተች። ከላይ እስከ ታች ደግማ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ያው ነው። የሙንተሃ ነው የሚለው።"

ልጄ አልተሳሳተችም። ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው? እኔ ስንት ዓመት የማንን እንሰት ነው የአማቴ ስል የኖርኩት?

መጋቢት 24

ሄድኩ። በአጥር ሳይሆን በበሩ። ሙንተሃ ብቻዋን ነበረች። ጎመን ትቀነጥሳለች።

"ሙንተሃ፣ ጓሮዬ ያለው እንሰት ያንቺ ነው?"

እጇ ቆመ።

"ነገረችዎት እንዴ?"

"ማን?"

"ብዙ ናታ።"

"የሞተ ሰው ይናገራል? ሀሴት ናት፣ በኮምፒውተር አየችው።"

"ወይ ጉድ!" አለች። "አላህ ያውቃል፣ ከኔ አፍ አልወጣም። አደራ ብላኝ ነበር።"

ከዚያ ነገረችኝ። ሀሴት ገና ትንሽ ሳለች ነው፣ እኔ ሞያሌ መንገድ ሥራ ላይ ሾፌር ሆኜ ከርሜ ነበር። ይኸው በሽታ ያኔም ገብቷል።

"ጠዋት የአካፋ ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ባይ ብዙ ብቻዋን ትቆፍራለች። የእናቷን! ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ገና ደህና ነበሩ ጋሽ ደምሴ፣ አንዱ ነበር የታመመው። 'ምነው አታብጂ፣ ደህናውን ተይው' ብላት 'ወደ አንቺ ሳይሻገር' አለችኝ። ነቅላ፣ ከታትፋ፣ ቀበረችው። ስትቆፍር አላለቀሰችም። ጨርሳ እጇን ስትታጠብ ነው ያለቀሰችው።"

ለኩም ያን ጊዜ በሽታው ነበረበት፣ ከዚያ ማምጣት ፈራች። መሬቱ ሲያገግም ሙንተሃ ከራሷ ሰጠቻት። እዚያው ቦታ ተከለችው።

"'ደምሴ እንዳያውቅ' አለችኝ። 'የአማቴ እያለ ለእንግዳ ሲያወራ ፊቱ ያበራል። ምን ብዬ ላጥፋበት?'"

አንገቴን ደፋሁ።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ንቀልልኝ ብለሽ ስትለምኚኝ፣ የኔ ነው ብትይኝ ምን ነበረበት?"

"የሰጡትን ችግኝ የኔ ነበር ይባላል?" አለችኝ። ልክ ስድብ የሰማች ይመስል።

መጋቢት 25

ነቀልነው። ሁለቱንም። ሀሴት ፈቃድ ወስዳ ቀረች። አብዱልሃሚድ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ጉድጓዱ ጠልቆ ደረቱ ድረስ ሲደርስ "ደምሴ፣ ለእንሰት ነው ወይስ ለኔ?" አለኝ።

"አንተን አጠር ባለው እንቀብርሃለን።"

ሙንተሃ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት አጥሩን ያዘች። ጓሮው ውስጥ ሳቅ ከተሰማ ስንት ጊዜው ነው!

እኔው ነኝ የከታተፍኩት። በያንዳንዱ ምት መሃል ሀሴት ቢላውን እሳት ላይ ታሳልፋለች። ብዙ ብቻዋን ነበረች። እኛ አራት ሆነን የኔ ወገብ ተቆረጠ። አፈሩን ስንመልስ እንባ አልመጣኝም። እጄን ስታጠብ ግን… መጣ። ሀሴት ውኃ ማፍሰሷን አላቆመችም።

ሳወራ እንደኖርኩት ከብዙ እናት ቤት የመጣ አይደለም። ግን የበለጠ የሷ ሆነብኝ። ይሄ እንዴት ይሆናል?

ሚያዝያ 20

የሙንተሃ እንሰት ደህና ነው። ሀሴት በየሳምንቱ እየዞረች ታያለች፣ ቢጫ የሚባል የለም። ተመስገን።

ከጸሎት ቤት አቶ ሰይፈሚካኤል መጥተው ነበር። ጓሮውን አይተው "ያ የአማትህ እንሰት የት ሄደ?" አሉኝ። የአማቴ የነበረውን ብዙ ራሷ እንደቀበረችው፣ ያዩት የጎረቤቴ የሙንተሃ እንደነበር ነገርኳቸው። ረጅም ወሬ ሆነ። ከድሮው ይልቅ ይሄኛውን ማውራት ይሻላል። እሷ አለችበት።

የእንሰቱ ቅጠል የመኝታ ቤቱን መስኮት ሸፍኖት ኖሯል። አሁን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ቀጥ ብላ አልጋው ላይ ትመጣለች። ብዙ ትተኛበት በነበረው በኩል። እኔ እስከዛሬ ከራሴ በኩል ፈቀቅ አላልኩም፣ ያኛው ወገን ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል።

ሀሴት አይታ "መጋረጃ ልግዛ?" አለችኝ።

"ቆይ" አልኳት። "ትንሽ ይሙቅ።"