ከጋሻዬ ጀልባ ላይ ስለተውለበለበልኝ እጅ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ አስናቀ
የሐይቅና የደን ሽርሽር ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ጽሑፍ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ምናልባት ከመካከላችሁ አንዱ ቢታመምም ቤታችሁ ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስበት ስለሆነ ብዙም አልሰጋም።

እኔ ኃይለመስቀል እባላለሁ። ከጫኖ በታች በአባያ ዳር በምትገኘው መንደራችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በስም ባያውቁኝም በመልክ በደንብ ያውቁኛል። ከተማው ውስጥ፣ ሲቀላ መናኸሪያው አጠገብ ድርጅትዎ ባሰቀለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ፣ ከሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ቆሞ ነጭ ነጠላ የሚያውለበልበው ሰው እኔ ነኝ። ከሥሩም «እንግዳ ተቀባዩ የአባያ ዳር ሕዝብ በታሪካዊቷ ጋሻዬ ጀልባ ለሚጎበኙን ሁሉ ሰላምታውን ያቀርባል» ተብሎ በሚያምሩ ፊደላት ተጽፏል። ፎቶግራፉ ጥርት ያለ ነው። አፌ መከፈቱ ሳይቀር ይታያል።

ሰሌዳውን ያየሁት ባለፈው ሳምንት ልጄን መቅደስን ጫማ ልገዛላት ወደ ከተማ ይዣት በመጣሁ ጊዜ ነው። አራት ዓመቷ ነው። እጄን ይዛ ቀና ብላ አየችና «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ አንተን ይመስላል። ማንን ነው የሚጠራው?» አለችኝ። ልጄ ገና ማንበብ ስለማትችል ከሥሩ የጻፋችሁት አላሳሳታትም። እኔ ግን «ማታ እነግርሻለሁ» ብዬ ወደ ጫማ መሸጫው ወሰድኳት። መልሱ በከፊል የእርስዎም ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አድርጌ ሕዝብም በሚያነበው በዚህ ደብዳቤ እንዳቀርብልዎ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ጋሻዬን ታሪካዊ ስላደረጋችሁልን አመሰግናለሁ። አባቶቻችን እንደነገሩን ብረቷን በንጉሡ ዘመን አንድ ነጋዴ በመኪና አስጭኖ ካመጣ በኋላ እዚሁ ዳር አስገጣጠማት። ከዚያ ወዲህ ሙዝ፣ በቆሎ፣ ጥጥ፣ በግ፣ ሙሽራና አስከሬን ስታመላልስ ኖራለች። ጋሻዬ ያሏት የሐይቁ ዳር እናቶች ናቸው። በዝናብ ወራት ወንዙ ሞልቶ የእግር መንገዳችንን ሲቆርጠው መንገዳችን እሷ ነበረች። የታመመ ሰው ሲኖር አንድ ሰው ከድንጋዩ ላይ ወጥቶ ነጭ ጨርቅ ያውለበልባል። ነጂዋ አቶ ኤርጫፎም የትም እየሄዱ ቢሆን ይዞራሉ። ማን እንደታመመ እንኳ የሚጠይቁት ደርሰው ከጫኑ በኋላ ነበር። ይህንን ከጫኖ እስከ ከተማው ሼቻ ሰፈር ድረስ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ባለቤቴ ዘርፈሽ የጨንቻ ልጅ ነበረች። የደጋ ሸማኔ ልጅ ስለሆነች ብርድ እንጂ ውኃ አታውቅም። በሠርጋችን ቀን ጋሻዬ ላይ ስትሳፈር በሁለት እጇ ብረቱን ጨምድዳ ዓይኗን ጨፈነች። ጋሽ ኤርጫፎ ይህን አይተው ሞተሩን ቀነሱና እስክንደርስ ድረስ እንደ ሕፃን አልጋ ቀስ አድርገው ወሰዷት። ሚዜዎቼ ለብዙ ጊዜ ሲስቁባት ኖሩ።

እናንተ ግን ጀልባዋን ከኛ የተሻለ ተረዳችኋት። በነጭና በሰማያዊ ቀለም ቀባችኋት፤ ዳስ ሠራችሁላት፤ መቀመጫዋን በቆንጆ ጨርቅ ለበጣችሁ። ስንሳፈርባት የኖርናት ጀልባ ቅርስ መሆኗንም እንዳንሳፈርባት በተከለከልን ቀን አወቅን። ስለዚህ ዕውቀት ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፤ በሚያዝያ ወር 2003 ዓ.ም. ስላደረጋችሁት የምረቃ ጉዞ አመሰግናለሁ። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶችን አሳፍራችሁ፣ ጋሽ ኤርጫፎንም የካፒቴን ቆብ አድርጋችሁላቸው፣ በዳርቻው በኩል ወፍና ጉማሬ እያሳያችሁ ወደ መንደራችን የመጣችሁበት ቀን ነው። ከዚያም ወደ ከተማው ወደብ ተመልሳችሁ በአስጎብኚ እየተመራችሁ በምንጮቹ ደን ውስጥ በእግር ልትንሸራሸሩ ነበር።

በዚያው ቀን ጎህ ሲቀድ ዘርፈሽ ተገላገለች። ልጅቷ አለቀሰች፤ እኛም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን ደሙ አልቆም አለ። የጤና ኬላችን ባለሙያ አገርነሽ የምትችለውን ሁሉ ካደረገች በኋላ ወደ ውጭ ጠራችኝና «መምህር፣ እዚህ ከቆየች አትተርፍልንም። ሆስፒታል መድረስ አለባት» አለችኝ። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መንገዱን ቆርጦታል። ስልክ በዚያን ጊዜ መንደራችን ውስጥ አይሠራም ነበር። የአሣ አጥማጆቻችን ታንኳ ደግሞ ሰው ተቀምጦ የሚቀዝፍባት ናት እንጂ ታማሚ አታስተኛም። ጎረቤቶቻችን ቃሬዛ አዘጋጅተው ቆሙ፤ ወዴት እንደሚሄዱበት ግን የሚያውቅ አልነበረም።

የጋሻዬ ሞተር የተሰማው ያን ጊዜ ነው። የደስታዬን ነገር አልነግርዎትም። አባቷ የሠሩላትን ነጠላ ከራስጌዋ አንስቼ ወደ ድንጋዩ ሮጥኩ። ጎረቤቶቼም ጋቢያቸውን እያወለቁ ተከተሉኝ። ጀልባዋ ቀስ አለች። ካሜራ ሲነሣ አየሁ። ከዚያም እንግዶቻችሁ በሙሉ ቆመው እጃቸውን፣ ባርኔጣቸውን፣ ሻሻቸውን አውለበለቡልኝ።

ክቡር ሆይ፣ ለዚያ ምላሽ ያመሰገንኩት ያኔውኑ ነው። ወደ ቤት ሮጬ ገብቼ «አይተውናል፤ መልሰውልናል» አልኳት።

«ዞረች?» አለችኝ።

«እየዞረች ነው» አልኳት።

«ጋሽ ኤርጫፎ ካዩ አይቀሩም» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ተመልሼ ስወጣ የማየው የጀልባዋን ጀርባ ነበር።

በጀልባዋ ላይ የሆነውን የነገረኝ አስጎብኚያችሁ ዮናስ ነው። ለቅሶ ሊደርሰኝ መጥቶ ከለቅሶው ዳስ ጥግ ተቀምጦ ነገረኝ፤ ሲነግረኝም ፊቴን ማየት አልቻለም። ጋሽ ኤርጫፎ መሪውን ወደ እኛ ሲያዞሩ እርስዎ መጥተው መሪውን በእጅዎ ያዙና «ጋሽ ኤርጫፎ፣ ወዴት ነው?» አሏቸው።

«ሰው ታሟል። ነጭ እያሳዩን ነው» አሉ።

«እንግዶቹ በሰዓቱ ደን መግባት አለባቸው። ከሰዓት በኋላ ተመልሰን እናያቸዋለን» አሏቸው።

«አሁን ነው የሚጠሩን» አሉ ሽማግሌው።

እርስዎ ግን ወደ ዮናስ ዞረው «እንግዶቹ እንዳይደናገጡ ሰላምታ ነው በላቸው» አሉት። ዮናስም በድምፅ ማጉያው እንደተባለው ተናገረ። እንግዶችዎ እንዳይደናገጡ ስላደረጉት ጥንቃቄ ከልብ አመሰግናለሁ። እውነትም ማንም አልተደናገጠም።

ሦስተኛ፤ ስለ ደኑ የእግር ጉዞ። እኔ አብሬ ባልሄድም እጅግ የተሳካ እንደነበር ሰምቻለሁ። በትልልቆቹ ሾላዎች ሥር ሄዳችሁ፤ ዝንጀሮዎቹ ለእንግዶቹ ወጥተው ታዩላቸው፤ ከምንጮቹም ውኃ እየቀዳችሁ ጠጣችሁ። ዮናስ ስለ ዛፎቹ ሲያስረዳ ሁለት ጊዜ ንግግሩ ጠፋበት፤ ሙቀቱ ነው ብላችሁ አለፋችሁለት። ምስጋናዬ የእግር ጉዞው ረጅም ስለነበረ ነው። ምክንያቱም ድምፃችሁ ከዛፎቹ ውስጥ ሲርቅ፣ ወደቡ ላይ ጀልባዋን እንዲጠብቁ የተተዉት ጋሽ ኤርጫፎ ቆባቸውን አውልቀው መቀመጫው ላይ አስቀመጡና ሞተሩን አስነሥተው ብቻቸውን ወደ እኛ መጡ።

ሲደርሱ ጀልባዋን ከድንጋዩ ሥር አስጠጉልን። ዘርፈሽን በቃሬዛ አምጥተን እንግዶቹ በተቀመጡበት ላይ አስተኛናት። አገርነሽ ልጅቷን ታቅፋ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እኔ ራሷን ይዣለሁ። አባያ በዚያን ሰዓት ንፋስ ጀምሮት ነበር። ዘርፈሽ «ልጅቷን ንፋስ እንዳይመታት» አለች። አገርነሽ ሸፈነቻት። ጥቂት ከሄድን በኋላ ደግሞ ድምፅዋን ከፍ ለማድረግ እየሞከረች «ጋሽ ኤርጫፎ፣ ዛሬስ አልፈራሁም» አለቻቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። አልዞሩም።

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። የደኑ ጫፍ ሲታየን አገርነሽ እጇን ከዘርፈሽ አንገት ላይ አንስታ ነጠላውን ወደ ላይ ሳበችው። ጋሽ ኤርጫፎ ይህን ሲያዩ ሞተሩን አላጠፉም፤ ቀነሱት እንጂ። ወደቡ ድረስም እንደዚያው ቀስ አድርገው ወሰዷት።

እርስዎ ጀልባዋ የት እንደሄደች ለመጠየቅ በቁጣ ወደ ውኃው ጠርዝ ወርደው ነበር። ቃሬዛውን ሲያዩ ግን ባርኔጣዎን አወለቁ። ያቺን ቅጽበት አልረሳኋትም። እርስዎን ሙሉ በሙሉ ልጠላዎ ያልቻልኩትም በእሷ ምክንያት ነው። ሐዘኑን ሳንጨርስ ለጋሽ ኤርጫፎ የጻፉትን የስንብት ደብዳቤ ባላየው ኖሮ፣ ይህን ደብዳቤም ባልጻፍኩ ነበር።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለዚያ ስንብት ነው። «ታሪካዊ ቅርስን ላልተፈቀደ አገልግሎት በማዋል፣ ክቡራን እንግዶችን ወደብ ላይ በማስጠበቅና የመቀመጫ ጨርቅ በማበላሸት» ይላል። አጻጻፉ ግልጽ ነው፤ ተማሪዎቼ እንዲህ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ስለ መቀመጫው በኔና በሟቿ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። የነጠላውን አንድ ጫፍ ከሥሯ አንጥፈን ነበር፤ አልበቃም።

ጋሽ ኤርጫፎ ቅሬታ አላቀረቡም። ጓዛቸውን ይዘው ወደ መንደራችን መጡ። አሁን ከአሣ አጥማጆቹ ጋር ነው የሚኖሩት። ጋሻዬ እንግዶች ይዛ ስታልፍ ሁልጊዜም ቀና ብለው ያዩዋታል፤ ስለ እሷ ግን ከማንም ጋር አይነጋገሩም። የመንደራችን ሰዎች ታማሚ ሲኖር ብቻ ጀልባዋ እንድትቆምልን ተሰብስበን ጠይቀን «ጥያቄያችሁ ከድርጅቱ ዓላማ ጋር አይጣጣምም» የሚል ምላሽ አግኝተናል። ምላሽ በመስጠታችሁም እናመሰግናለን። ዘንድሮ በዝናቡ ወራት ሁለት እናቶች ይወልዳሉ። መንገዱ አሁንም ያው ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ትሕትና በተሞላበት መንፈስ ልመናዬን አቀርባለሁ። ሰሌዳውን አውርዱልኝ አልልም። ፎቶግራፉ ከዘርፈሽ ነጠላ ጋር የተነሣሁት የመጨረሻው ነው፤ ነጠላውንም ከእሷ ጋር ቀብረነዋል። ጽሑፉን ብቻ አስተካክሉልኝ። «ይህ ሰው ኃይለመስቀል ይባላል። ሚስቱ ታማበታለች። ጀልባ እየጠራ ነው» ይበል። እንግዶቻችሁም ይህን ካነበቡ በኋላ የሚመጡ ከሆነ ይምጡ፤ ምናልባትም አንዳቸው መሪውን ለያዘው ሰው «ዙርላቸው» ይሉት ይሆናል። የእርስዎ ፈቃድ ከእንግዶችዎ ቢቀድም ግን እኔ እመርጣለሁ።

ለልጄ የዚያኑ ቀን ማታ መልስ ሰጥቻታለሁ። «እናትሽን ወደ ሐኪም የሚወስድልን ሰው እየጠራሁ ነበር» አልኳት።

«መጡ?» አለችኝ።

«አንድ ሰው መጣ» አልኳት። ማን እንደሆነ ነገርኳት። በማግሥቱ ጠዋት ከቤት ወጥታ ሄዳ ጋሽ ኤርጫፎ መረብ ሲጠግኑ አጠገባቸው ተቀመጠች። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም። ሽማግሌው ግን ያን ቀን መረቡን ሳይጨርሱት ዋሉ።

ሥራዎ የተቃና፣ ሐይቁ የተረጋጋ፣ ደኑ ጥላው የበዛ፣ እንግዶችዎም የማይደናገጡ እንዲሆኑ እየተመኘሁ፣ ሳይጠየቅ በማስታወቂያዎ ላይ እንዲያገለግል የተደረገው አክባሪዎ ነኝ።

መምህር ኃይለመስቀል
ከአባያ ዳር፣ ግንቦት 2007 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ ጋሻዬ አርጅታለች። አዲሱ ነጂም የሞተሯን ጠባይ ገና አልለመደው ይሆናል። እግዚአብሔር አያድርገውና ከነእንግዶችዎ ሐይቁ መሐል ብትቆምባችሁ፣ ወደ መንደራችን አቅጣጫ ማንኛውንም ነገር አውለብልቡ፤ የጨርቁ ቀለም አያሳስባችሁ። ታንኳዎቻችን ትናንሽ ቢሆኑም እየተመላለስን ሁላችሁንም እናወጣችኋለን። ሰላምታ መስሎን አናልፍም።