ሥጋ ያልነካት መጥበሻ

የሰዓዳ አባት፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔም እስክሪብቶውን ይዤ «እንደምን ከርመሃል» ልልህ ስል እጄ ቆመ። ለሄደ ሰው የሚላከው ዱዓ ነው። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። አምና በዒድ ቀን ከአልጋ አልወረድኩም ነበር። ዘንድሮ ተነስቼ ቤቱን አጠብኩ፣ የሰዓዳንም ሻሽ በእጄ አስተካክዬ ወደ ሶላት ሸኘኋት።

ቤታችን ደህና ነው። የሳቢያን ሰፈር ጎረቤቶች እንደምታውቃቸው ናቸው፤ ውኃ ሲመጣ ይጣራሉ፣ ሲጠፋ ይጠያየቃሉ። ሰዓዳ አሁንም ፋብሪካ ትሠራለች። ማታ ደክሟት ትመጣና እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ያነበብኩትን ታስወራኛለች። የግቢው የኒም ዛፍ ከቆርቆሮው በላይ ወጥቷል። ትልቁ ወሬዬ ግን ሌላ ነው። ከዚራ ሰፈር ያለውን ቁርስ ቤትህን ከፈትኩት።

እንደምትስቅ አውቃለሁ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ደፉን አንድ ቀን እንኳ ያልረገጥኩ ሴት ነኝ። ወንድ ልጅ ሽርጥ ታጥቆ እንቁላል ሲጠብስ መታየቱ ያሳፍረኝ ነበር። በሠርግ በለቅሶ «ባልሽ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ «ይነግዳል» ብዬ ወሬውን አዞር ነበር። ይህን ታውቅ ነበር። ማወቅህንም አውቅ ነበር። አንድ ቀን አላነሳህብኝም። ነገሩ እስከ ዛሬ ደረቴ ላይ አለ፤ ይቀለኛል ብዬም አይደለም የምጽፍልህ። የቤቱን ሥራ ሳላይ የቀረሁት በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ቀጥሎ የመጣውን እንድትረዳልኝ ነው።

የከፈትኩት አከራዩ ቁልፉን ሊቀበል ስለመጣ ነው። ክፍሉን ለስልክ ጠጋኝ ሊሰጠው አስቧል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከአንድ ዓመት በላይ ተዘግቶ ታግሶናል። ቁልፉን ላቀብለው ከዘረጋሁ በኋላ እጄ ራሱ መልሶ ጨበጠው። «እስከ ክረምት ልሞክረው» አልኩት። እሱም ከላይ እስከ ታች አየኝና «እሺ፣ እስከ ክረምት» አለ።

ስለ መጥበሻ የማውቀው አንተ ቤት ውስጥ ያሳየኸኝን ብቻ ነበር። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ለእኔ ስትጠብስ እንቁላሉን አንድ በአንድ መጀመሪያ ብርጭቆ ውስጥ ትሰብር ነበር፤ የድሬ ሙቀት እንቁላል አይምርም እያልክ። ከዚያ በቆርቆሮ ጣሳ በሹካ ትመታዋለህ። እኔ ከጎንህ ተቀምጬ ስኳር ተጠቅልሎበት የመጣውን ጋዜጣ ጮክ ብዬ አነብልሃለሁ። ከሰዓዳ ደብተር ፊደል ለቅሜ የተማርኩ ስለሆንኩ ብዙ ቃል ላይ እደናቀፋለሁ። ስደናቀፍ አንተ ሹካውን ታቆምና «ቀጥይ እንጂ፣ እንቁላሉም እየሰማሽ ነው» ትለኝ ነበር። ያን ጊዜ እስቃለሁ፣ ቃሉም ይወጣልኛል። መጽሐፍ አንባቢ የሆንኩት በዚያ ምድጃ አጠገብ ነው።

ቁርስ ቤቱን ስከፍት ሰዓዳ ሁሉንም አዲስ እናድርገው አለች። «እማ፣ የአባዬ መጥበሻዎች አርጅተዋል፣ የሰው ዓይን ይጠላቸዋል» አለችኝ። ቀፊራ ገበያ ወርደን ሁለት ሰፋፊ፣ ውስጣቸው ጥቁር፣ እንቁላል የማይጣበቅባቸው መጥበሻዎች ገዛን። የአራት ሰው በአንዴ ይጠብሳሉ። ያንተዎቹን በሰፈር ለሚዞረው ልዋጭ ሰጠናቸው፤ በለውጡ የልብስ መዘፍዘፊያ ሳፋ ሰጠን። እኔም ከጎኗ ቆሜ ሳፋውን ተቀበልኩ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ከፈትን። የባጃጅ ሾፌሮቹ መጡ፤ አብዲ ከሁሉ ቀድሞ «አቦ፣ ዛሬ ድሬ ነጋላት!» እያለ ገባ። ጋሽ ታደሰም ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ፤ ባቡር ጥገና ጡረታ የወጡት ወዳጅህ። ሁለቱ የድሮ ቦታቸው፣ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ለሾፌሮቹ ጉበት ጠበስኩ፣ መጥበሻውን አጥቤ ሰቀልኩ። ከዚያ ዞር ብዬ «ለእርስዎስ እንቁላል?» ስላቸው ጋሽ ታደሰ ቀና ብለው መጥበሻዎቹን አዩና «ረቡዕ አይደል፣ ጾም ነው። ሻይ በዳቦ ይበቃኛል» አሉ። ረቡዕ እንደሚጾሙ ስለማውቅ አመንኳቸው። ሐሙስ «ሆዴን ቆርጦኛል» አሉ። ዓርብ ደግሞ ጾም። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎቹም ክርስቲያኖች እንዲሁ ሻይ በዳቦ እያሉ ወጡ። አንዳንዶቹ ጭራሹኑ ቀሩ። አብዲ ብቻውን ትሪ ፊቱ አድርጎ ሲበላ ያየሁት ቀን የእኔ እጅ አልጣመም ብዬ ደመደምኩ። አከራዩ በዚያ በኩል ሲያልፍ የሰው ብዛት የሚቆጥር ይመስለኝ ጀመር።

አንድ ጠዋት ቤቱ ባዶ ሲሆን አብዲን «እነ ጋሽ ታደሰ ጾማቸው መቼ ያልቃል?» አልኩት። ጉሮሮው ውስጥ ያለው ሻይ ሊያንቀው ደረሰ።

«አቦ እናቴ፣ የምን ጾም? ከፋሲካ ወዲህ ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም ይበላሉ! ከሳቸው ጋር ስንት ዓመት ከአንድ ትሪ የበላሁ ሰው፣ ጾማቸውን እኔን ጠይቂኝ።»

«ታዲያ ለምን ዋሹኝ?» አልኩት።

«መዋሸት አይባልም። አፍረውሽ ነው» አለ።

ከዚያ አንተ ለእኔ ያልነገርከኝን፣ እኔም ያልጠየቅኩህን ነገረኝ። ትንሿ መጥበሻህ፣ በሩ አጠገብ ሁሉም በሚያያት ምስማር ላይ የምትሰቀለዋ፣ ሥጋ ነክቷት እንደማያውቅ። ጉበት በትልቋ፣ ከምድጃው ጀርባ በምትሰቀለዋ ብቻ። የቃሪያው ቢላ ለብቻ፣ የሥጋው ለብቻ። ክርስቲያኖቹ የእኛን ሥጋ እንደማይበሉ ታውቃለህ፣ ሥጋችን የተጠበሰበትንም አይቀምሱም። በጾማቸው ቀን ደግሞ ፉላቸውን ቅቤ በማያውቅ ድስት ታሞቅላቸው ነበር። አብዲ እንዲህ አለኝ፦ «እንቁላል ምን ሃይማኖት አለው እናቴ? መጥበሻው ነው ሃይማኖት የሚያስይዘው። ስለዚህ በዚያች በትንሿ ጠብሶ ትሪ ላይ መሐላችን ሲያስቀምጣት እኔም፣ ጋሽ ታደሰም፣ የመልካ ጀብዱ ነጋዴዎቹም ከአንድ ትሪ እንበላለን።»

አንድ ጊዜ ትልቋ እሳት ላይ ሆና መኪና ያለው አንድ የቸኮለ ሰው «ጉበቴን በዚያች በትንሿ ጠብስልኝ» ብሎህ እንደነበርም አወራኝ። አንተ ቀና ሳትል «ከጠበቅክ ትበላለህ፣ ከቸኮልክ ከፊት ለፊት ሌላ ቤት አለ» አልከው። ሰውየው ሄደ። አንተም እንቁላልህን መምታት ቀጠልክ።

የሰዓዳ አባት፣ ያን ቀን ትቀመጥባት በነበረችው ዱካ ላይ ተቀምጬ ብዙ ሰዓት ቆየሁ። ስንት መጽሐፍ አንብቤ ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ስፈልግ፣ አንተ በየጠዋቱ በሁለት ምስማር ላይ ሰቅለኸው ትውል ነበር። ማስታወቂያ አልለጠፍክ፣ ለማንም አልተናገርክ። ሰው አየ፣ አመነ፣ በላ።

ሰዓዳ ስትሰማ ደነገጠች። ትንሽ አሰበችና «እማ፣ አንደኛዋን በአመድ ፈትገን በሩ ጋ እንስቀላት፤ ማን ያውቃል?» አለች። እኔ አውቃለሁ አልኳት። ሁለቱ መጥበሻዎች መንታ ስለሆኑ በየትኛው ጉበት እንደጠበስኩ ለራሴም ይጠፋኛል። ሁለቱም ለሥጋ ይሁኑ ብዬ ከምድጃው ጀርባ ሰቀልኳቸው።

በማግስቱ ጋሽ ታደሰ ገና ሳይቀመጡ «ጾሙ መቼ ነው የሚፈታው?» አልኳቸው። አፍረው ባርኔጣቸውን አዟዟሩ፣ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እንዴት ብዬ ልናገር? ሐዘን ላይ ያለችን ሴት፣ መጥበሻሽ አይሆነኝም ይባላል?» አሉኝ። እኔም መጥበሻውን እርስዎ ይምረጡልኝ አልኳቸው።

አብዲ በባጃጁ ቀፊራ አወረደን። ሻጩ ልጅ ሁለታችንን አይቶ «አባባ፣ ለሚስትዎ ቀለል ያለውን ይውሰዱላት!» ሲል መሬት ተከፍቶ በዋጠኝ ብዬ ነበር። አብዲ ከውጭ «ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብና ዕቃህን ሽጥ!» ብሎ አዳነኝ። ጋሽ ታደሰ እንደ ባቡር ብረት በጣታቸው እያንኳኩ ያዳምጣሉ። እኔ ደግሞ አንተ ለቤታችን ስትገዛ ታደርገው እንደነበረው እያንዳንዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ይወዛወዝ እንደሆነ አየሁ። ሥሩ ስስ የሆነ መሐሉን አሳርሮ ዳሩን ጥሬ ይተዋል ብለኸኝ ስለነበር ስሱን ሁሉ መለስኩ። ውስጡ ጥቁር የሆነውንም አልፈለግኩም፤ ደንበኞችህ ከመጥበሻው በሹካ ፍቀው የሚበሉ ስለሆኑ በወር ይላጣል። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ፣ ሥሯ ወፍራም፣ እጀታዋ ረጅም አልሙኒየም ላይ ሁለታችንም እኩል እጃችንን አሳረፍን። ቆርቆሮ ጣሳ፣ ሹካና የቃሪያ ቢላም ጨመርን። ጋሽ ታደሰ መጥበሻዋን እስከ ከዚራ ድረስ ጭናቸው ላይ ይዘው መጡ፤ በሩ አጠገብ ባለው ምስማር ላይም ራሳቸው ሰቀሏት።

የመጀመሪያው እንቁላል ተጣበቀ። አዲስ መጥበሻ መጀመሪያ ጨው እንደሚጠበስባት ረስቼ ነበር። ፍቄ ፍቄ፣ ተቆራርጦ ወጣ። አብዲ «ወላሂ እናቴ፣ እንቁላል ነው ወይስ ገንፎ?» ሲል ጋሽ ታደሰ «ዝም ብለህ ብላ፣ ሲይዝ ነው የሚጥመው» አሉት። ግንባራቸው ሊጋጭ እስኪደርስ አጎንብሰው ከአንድ ትሪ በሉ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሌላ ቃሪያ መክተፍ ጀመርኩ፤ እንባዬን በቃሪያው አሳበብኩ።

አሁን ጨው ጠብሼባት ለስልሳለች። የቀሩት አንድ በአንድ ተመልሰዋል። አከራዩም ባለፈው ሰሞን ገብቶ እንቁላል በላ፣ ስለ ቁልፉ ሳያነሳ ወጣ።

ትናንት ሰዓዳ ልትረዳኝ መጥታ ነበር። ሰው በዝቶ ትልልቆቹ እሳት ላይ ሲሆኑ ትንሿን ከምስማሯ አውርዳ ጉበቱን ልትገለብጥባት ስትል እጇን ያዝኩት። ሰዎቹን ትንሽ ጠብቁን አልኳቸው። ከዚያ እዚያው ምድጃው አጠገብ፣ ዘይቱ እየተንጫጫ፣ ያቺን ለብቻዋ የተለየች መጥበሻ ለምን ሥጋ እንደማናስነካት እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኳት፤ አንተ ለማን ስትል እንደጀመርከው፣ ማንን እንደመለስክባት፣ ማን ከማን ጋር እንደበላባት። ትንሿን ምስማሯ ላይ መለሰቻት። «አባዬ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር?» አለች። አዎ አልኳት፤ በየቀኑ ያደርገው ነበር።

የምገባልህ ቃል ይህ ነው። እጄ እስከቻለ ድረስ ያቺን መጥበሻ ሥጋ አይነካትም። አንተ በዝምታ ያቆየኸውን እኔ በአፌ እየተናገርኩ አቆየዋለሁ፤ ለሰዓዳ፣ አላህ ካለም ለልጆቿ። አባታችሁ ማን ነበር ሲሉኝ ወሬውን አላዞርም። ሰው ሁሉ አብሮ እንዲበላ መጥበሻ የሚመርጥ እንቁላል ጠባሽ ነበር እላቸዋለሁ።

ባለቤትህ